መኪና የከሰሱት ተማሪዎች

ማርች 1970 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)፣ አሜሪካ፣ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ። አንዲት የ1959 ስሪት ፎርድ መኪና በተማሪዎች ችሎት ፊት ቀረበች። ክሱ ብዙ ነበር፤ ነፍስ ማጥፋት፣ አየር መበከል፣ ድሆችን ማግለል ሳይቀር። ከዚያ ተማሪዎቹ መዶሻ አንስተው ቀጠቀጧት። ቦታው ከመኪና ፋብሪካዎች መናኸሪያ ከዲትሮይት አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ግዛቱ በመኪና እንጀራ የሚያድር መሆኑን ልብ ይሏል።

የዚያን ጊዜ ነገር ሲነሳ ሰው የሚያስታውሰው መዶሻውን ነው። ከመዶሻው ጀርባ ግን ወራት የፈጀ ሥራ ነበር።

የጉባኤው ሥር ከ1965 ይጀምራል። ያኔ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በቬትናም ጦርነት ላይ ሌሊቱን ሙሉ ያስተማሩበትና የተከራከሩበት «ቲች-ኢን» ተካሂዶ ነበር። በ1969 ሴናተር ጌይሎርድ ኔልሰን ይህንኑ ዘዴ ለአካባቢ ጥበቃ እንጠቀምበት አሉ። ዓመቱም የሚያስደነግጥ ነበር፤ ሳንታ ባርባራ ባሕሩ በነዳጅ ተበከለ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ ደግሞ ወንዝ በእሳት ተያያዘ። የሚሺጋን ተማሪዎች ኢንአክት የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። አገር አቀፉ ቀን ኤፕሪል 22 ሲሆን፣ እነሱ ግን ያኔ ፈተና ላይ ስለሚሆኑ ከወር በላይ አስቀድመው በማርች አካሄዱት። በመክፈቻው ምሽት 14,000 ያህል ሰው ስታዲየሙን ሞላው። ባሪ ኮመነር ተናገሩ፣ አገረ ገዢው መጡ፣ ናፓልም በማምረቱ ተማሪ የሚጠላው የዳው ኬሚካል ፕሬዚዳንት እንኳ ተጋብዘው ተከራከሩ። የሚቃወሙትን ሰው መድረክ ላይ ጠርቶ ማፋጠጥ መኪና ከመስበር ይከብዳል።

ሁሉም ግን አላጨበጨበም። ከአንድ ወር በፊት በካሊፎርኒያ የሳን ሆዜ ተማሪዎች አዲስ መኪና በ2,500 ዶላር ገደማ ገዝተው ጉድጓድ ምሰው ቀብረውት ነበር። የጥቁር ተማሪዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ይህ ገንዘብ ለተቸገሩት ወገኖቻችን ይውል ነበር አሉ። ተቃውሟቸው ቀላል አይደለም። የፋብሪካ ጭስ በብዛት የሚወርደው በድሃ ሰፈር ላይ ነው፣ መድረኩን የያዙት ግን በአብዛኛው የነጭ ቤተሰብ ልጆች ነበሩ። በሚሺጋንም ጉባኤው ባለቀ በቀናት ውስጥ ጥቁር ተማሪዎች የጥቁሮች ቅበላ 10 በመቶ ይድረስ ብለው የትምህርት አድማ መቱ። ዩኒቨርሲቲው አድማው ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ግቡን ተቀበለ። ሁለቱ እንቅስቃሴዎች በአንድ ግቢ፣ በአንድ ወር ተነስተው ለየብቻ ሄዱ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶች ከዚህ ክፍተት ጋር ለአሥርተ ዓመታት ኖረዋል።

ኤፕሪል 22 በመላ አገሪቱ 20 ሚሊዮን ያህል ሰው ወጣ። በዓመቱ መጨረሻ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ፣ ዋሽንግተን ላይ ይዘጋል።

በአን አርበር ከተማ ግን ገንዘብም ሰውም ከጉባኤው ተርፎ ነበር። በዚያው በ1970 ተማሪዎችና ነዋሪዎች ኢኮሎጂ ሴንተር የሚባል ማዕከል ከፈቱ። ሥራው መፈክር የሌለበት ነው፤ ያገለገለ ጠርሙስ፣ ጋዜጣና ቆርቆሮ መሰብሰብና መለየት። የከተማው ነዋሪ ቆሻሻውን ለይቶ ማውጣት የለመደው በእነዚህ በጎ ፈቃደኞች ነው። ያቋቋሙት ተማሪዎች ተመርቀው ከሄዱ ስንት ዘመናቸው፤ ማዕከሉ ግን ዛሬም ክፍት ነው።