ሴሎች ተያይዘው ወደ ጠንካራው ወለል

ቁስል ሲድን በጠርዙ ያሉ የቆዳ ሴሎች እርስ በርስ እንደተያያዙ ተጉዘው ክፍተቱን ይሸፍናሉ። በፅንስ ዕድገትና በካንሰር ሥርጭት ወቅትም እንዲህ ያለ የጋራ ጉዞ ይታያል። አቅጣጫ ከሚያሳዩዋቸው ነገሮች መካከል በሰፊው የሚታወቁት ኬሚካላዊ ምልክቶች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ግን ብዙ ያልተነገረለትን ሌላውን መሪ፣ የረገጡትን ወለል ጥንካሬ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 ዩ-ሊ ዋንግና ባልደረቦቻቸው አሜሪካ ውስጥ ባደረጉት ሙከራ፣ በከፊል ለስላሳ በከፊል ጠንካራ በሆነ ጄል ላይ የተቀመጡ ሴሎች ከለስላሳው ወደ ጠንካራው እንደሚሻገሩ አሳዩ። ክስተቱንም “ዱሮታክሲስ” አሉት፤ “ዱሩስ” በላቲን ጠንካራ ማለት ነው።

ይሁንና ሁሉም ሴል ብቻውን ይህን ማድረግ አይሆንለትም። እ.ኤ.አ. በ2016 ባርሴሎና የሚገኘው የዣቪየር ትሬፓት ቡድን “ሳይንስ” በተባለው መጽሔት ባወጣው ጥናት፣ ከጡት የተገኙ ሴሎች ለየብቻ ሲሆኑ አቅጣጫ አልነበራቸውም፤ ተያይዘው ሲቀመጡ ግን ወደ ጠንካራው ወገን አመሩ።

ምክንያቱን በገመድ ጉተታ ልመስለው። ስብስቡ በሁለቱም ጫፍ ወለሉን ጨብጦ ወደ መሀል ይስባል። ለስላሳው ወለል እየተሳበ ይመጣል፤ ጠንካራው ግን ይጸናል። ስለዚህ በጠንካራው በኩል ያለው ጫፍ የበለጠ ይዘረጋል፤ ስብስቡም ወደዚያው ያደላል። አንድ ሴል አጭር በመሆኑ በሁለት ጫፎቹ መካከል ያለው የጥንካሬ ልዩነት ኢምንት ነው፤ ረጅሙ ስብስብ ግን ሰፊ ልዩነት ያገኛል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ ነው። ተመራማሪዎቹ ለሴሎቹ ትስስር የሚያስፈልገውን አልፋ-ካቴኒን የተባለ ፕሮቲን ሲቀንሱ ስብስቡ አቅጣጫውን አጣ።

እ.ኤ.አ. በ2021 አዳም ሼላርድና ሮቤርቶ ማዮር ለንደን ውስጥ ባካሄዱት ጥናት፣ ይኸው ጉዞ በእንቁራሪት ፅንስ ውስጥ እንደሚከናወን አሳዩ። በኋላ የፊትን ልም አጥንት ጭምር የሚሠሩት ሴሎች በአጠገባቸው ያለውን ሕብረ ሕዋስ በንክኪ እያለሰለሱ ወደ ጠንካራው ክፍል ይጓዛሉ። መንገዳቸውን ራሳቸው ያበጃሉ ማለት ነው።

ለሕክምናስ ምን ይፈይዳል? የጡት እጢ ብዙ ጊዜ በእጅ ሲዳሰስ የሚለየው ከአካባቢው ስለሚጠጥር ነው። ሴሎች ወደ ጠንካራው የሚሄዱ ከሆነ ታዲያ ካንሰሩ ከጠጣሩ እጢ እንዴት ይወጣል? አንድ ፍንጭ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ጥናት ተገኝቷል፤ ከአንጎል ካንሰር የተወሰዱ ሴሎች ወደ ለስላሳው ሲያመሩ ታይተዋል። ተስማሚው የጥንካሬ ልክ እንደ ሴሉ ዓይነት ይለያያል ማለት ነው። በእኔ እይታ የካንሰርን ሥርጭት ለመግታት የሚሠሩ ሁሉ ሴሉን ብቻ ሳይሆን የቆመበትን ወለልና ከጎረቤቱ ጋር ያለውን ትስስር አብረው ሊመረምሩ ይገባል።