ከአልጋ ወደ እንቅስቃሴ፦ የሳያቲካ ሕክምና ታሪክ

ከወገብ ተነሥቶ በመቀመጫና በጭን በኩል እስከ እግር የሚወርደውን ሕመም የጥንት ሐኪሞችም ያውቁት ነበር። ለረዥም ዘመን ግን ከዳሌ መገጣጠሚያ በሽታ ጋር አንድ አድርገው ይቆጥሩት ስለ ነበር፣ ከነርቭ የሚመነጭ መሆኑ በግልጽ ተለይቶ የተጻፈው በ1764 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኔፕልስ ከተማ ነው። ጸሐፊው ዶሜኒኮ ኮቱኞ ሕመሙ የሚከሠተው በነርቩ ሽፋን ውስጥ ፈሳሽ ሲጠራቀም ነው ብሎ ያምን ስለ ነበር፣ ቆዳን ውኃ የሚያስቋጥሩ መድኃኒቶችን ያዝዝ ነበር። ምክንያቱን ባይደርስበትም የሕመሙን መንገድ በትክክል አሳይቷል።

ዛሬ በየሕክምና ተቋሙ የምንጠቀምበት ምርመራ፣ ማለትም ታማሚውን በጀርባው አስተኝቶ ጉልበቱ ሳይታጠፍ እግሩን ወደ ላይ ማንሣት፣ በፈረንሳዊው ሐኪም በሻርል ላሴግ ስም ይጠራል። ይሁን እንጂ ላሴግ በ1864 ስለ ሳያቲካ ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ ይህ ምርመራ አይገኝም። ምርመራውን በ1881 በመመረቂያ ጽሑፉ የገለጠው ተማሪው ፎርስት ሲሆን፣ ሕመሙን የሚቀሰቅሰው የጭን ጡንቻ ነርቩን ሲጫነው ነው የሚል ሐሳብ ነበረው። ከእርሱ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1880፣ ላዛ ላዛሬቪች የተባለ ሰርቢያዊ ሐኪም ስድስት ታማሚዎችን መርምሮ ሕመሙን የሚያመጣው የነርቩ መወጠር መሆኑን በአገሩ ቋንቋ ጽፎ ነበር። ጽሑፉ በ1884 በጀርመንኛ እስኪወጣ ድረስ ግን ከአገሩ ውጭ ያነበበው እምብዛም አልነበረም። (በራሳችን ቋንቋ የሕክምና ጽሑፍ ለምናዘጋጅ ሰዎች ይህ ታሪክ ሳያሳስበን አይቀርም።) በዚያው በ1884 ደ ቦርማን የተባለ ፈረንሳዊ በአስከሬን ላይ የሳያቲክን ነርቭ በጎማ ቱቦ ተክቶ፣ እግሩ ሲነሣ ቱቦው እንደሚለጠጥ በማሳየት የላዛሬቪችን ሐሳብ አጠናከረ።

ነርቩ ሲወጠር የሚያም ከሆነ አለመንቀሳቀስ መድኃኒት ነው ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። በዚያ ላይ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ሕክምና ለዕረፍት ከፍተኛ ቦታ ሰጥቶ ነበር። ጆን ሂልተን ስለ ዕረፍትና ስለ ሕመም የሰጣቸው ትምህርቶች በ1863 በመጽሐፍ ታተሙ፤ የሊቨርፑሉ ሂዩ ኦወን ቶማስም ዕረፍት ያልተቋረጠና የተራዘመ መሆን አለበት ብሎ ያስተምር ነበር። ለተሰበረ አጥንትና በቲቢ ለተጠቃ መገጣጠሚያ ተገቢ የነበረው ይህ ትምህርት፣ ማንም ሳይመዝነው ወደ ወገብ ሕመም ተሻገረ።

በ1934 የቦስተን ሐኪሞች ዊልያም ሚክስተርና ጆሴፍ ባር፣ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ከቦታው ወጥቶ የነርቭ ሥርን እንደሚጫን በታወቀው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ አስነበቡ። ከዚያ በፊት በቀዶ ሕክምና ጊዜ የሚገኘው ቁራጭ ብዙውን ጊዜ እንደ ዕጢ ይቆጠር ነበር። ግኝቱ ታላቅ ነው፤ ከግኝቱ የተቀዳው ምክር ግን የተፈተነ አልነበረም። የወጣው ዲስክ እንዲያርፍ ተብሎ ታማሚው ለሳምንታት እንዲተኛ፣ ከፍራሹ ሥር ጣውላ እንዲነጠፍ፣ እግሩም በክብደት እንዲሳብ ይታዘዝ ጀመር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ አሸር በ1947 አልጋ ላይ መዋል የሚያስከትለውን ጉዳት፣ የደም መርጋትን፣ የአልጋ ቁስልን፣ የጡንቻ መሟሸሽን ዘርዝሮ ቢያስጠነቅቅም፣ የወገብ ታማሚዎች ከአልጋቸው አልወረዱም።

የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና በበኩሉ ከክርክር አላመለጠም። በ1937 የዳላሱ ፖል ዊልያምስ ወገብን ወደ ፊት የሚያጥፉ እንቅስቃሴዎችን አሳተመ፤ እነዚህም ለብዙ ዓመታት በየፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ሲሰጡ ኖሩ። ወደ ኋላ መለጠጥ ግን ጎጂ ነው ተብሎ ይፈራ ነበር። በ1956 በኒውዚላንድ፣ በዌሊንግተን ከተማ፣ ከወገቡ እስከ ጉልበቱ ይታመም የነበረና ለሦስት ሳምንታት ያህል ሕክምና ያልረዳው አንድ ታማሚ ወደ ፊዚዮቴራፒስቱ ሮቢን ማኬንዚ ዘንድ መጣ። ገብቶ እንዲተኛ ተነገረው። አልጋው ከቀደመው ታማሚ እንደ ቀረ ራስጌው ከፍ ብሎ ነበር፤ ሰውየውም በደረቱ ተኛበት። ማኬንዚ ከደቂቃዎች በኋላ ሲመለስ ወገቡ እጅግ ወደ ኋላ ተለጥጦ አገኘውና ደነገጠ። ታማሚው ግን የእግሩ ሕመም እንደ ጠፋና የቀረው በወገቡ ላይ ብቻ እንደ ሆነ ነገረው። ብዙ ሐኪም ይህን እንደ አጋጣሚ አልፎት ይሄድ ነበር። ማኬንዚ ግን ሕመሙ ከእግር ወደ ወገብ መሰብሰቡን እንደ መልካም ምልክት ወስዶ፣ ለእያንዳንዱ ታማሚ የሚስማማውን የእንቅስቃሴ አቅጣጫ መፈለግ ጀመረ፤ ዘዴውንም በ1981 በመጽሐፍ አወጣ። በእኔ አስተያየት የእርሱ ታላቅ ሥራ የትኛው እንቅስቃሴ ይበልጣል ለሚለው የሰጠው መልስ ሳይሆን፣ ታማሚውን እያንቀሳቀሱ ምላሹን መመልከትን ማስተማሩ ነው።

የአልጋው ነገር በቁጥር መመዘን የጀመረው ዘግይቶ ነው። በ1983 የኦስሎው ሄንሪክ ዌበር፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸው እንደ ሆነ ያጠራጠሩ 126 ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለ10 ዓመታት ተከታተለ። በመጀመሪያው ዓመት ቀዶ ሕክምና ያገኙት የተሻሉ ሲሆኑ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ ያን ያህል ጎልቶ አልታየም። በ1986 በአሜሪካ ሪቻርድ ዴዮና ባልደረቦቹ በ203 የወገብ ታማሚዎች ላይ የሁለት ቀንና የሰባት ቀን የአልጋ ዕረፍትን አነጻጸሩ፤ ሁለት ቀን ብቻ የታዘዘላቸው ከሥራ የቀሩባቸው ቀኖች በ45 በመቶ ያነሱ ሆኑ። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ የነርቭ ሥር ምልክት ያልነበራቸው ስለ ሆነ፣ ሳያቲካ የተለየ ነው የሚል መከራከሪያ ቀርቶ ነበር። እርሱም በ1999 መልስ አገኘ። በኔዘርላንድ ፍሮመንና ባልደረቦቹ 183 የሳያቲካ ታማሚዎችን በዕጣ መድበው፣ ግማሾቹ ሁለት ሳምንት እንዲተኙ፣ የቀሩት እንደ ተቻላቸው እንዲንቀሳቀሱ አደረጉ። ከ12 ሳምንታት በኋላ ከሁለቱም ወገን 87 በመቶ የሚሆኑት መሻሻላቸውን ተናገሩ። ከ1934 እስከዚያ ድረስ 65 ዓመታት አልፈዋል።

ሁለት ሳምንት መተኛት ደመወዙ ለማይቋረጥበት ሰው ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። በአገራችን ግን ለቀን ሠራተኛው የቤተ ሰቡ እንጀራ፣ ለገበሬውም የእርሻው ወራት ነው። ስለዚህ ፊዚዮቴራፒስት በሌለበት ጤና ጣቢያ ያለ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ለታማሚው «ሕመምህ በፈቀደልህ መጠን ተነሥ፣ ተራመድ፤ አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል» ብሎ ሲነግረው፣ ቀላል ነገር እንዳደረገ ሊቈጥረው አይገባም። ይህ ምክር የማይሠራባቸው ሁኔታዎችም አሉ፤ ሽንት ከተቋጠረ ወይም ካመለጠ፣ በኀፍረተ አካልና በመቀመጫ ዙሪያ መደንዘዝ ካለ፣ ወይም የእግር ድካም እየበረታ ከሄደ ታማሚው ሳይውል ሳያድር ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል መላክ አለበት። ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ፣ ወይም የቲቢና የካንሰር ታሪክ ያለበትም ሌላ ምርመራ ይሻል።

ለእንቅስቃሴም ቢሆን ከሚገባው በላይ ማውራት ተገቢ አይደለም። በ2021 በአሜሪካ ጁሊ ፍሪትዝና ባልደረቦችዋ ሕመማቸው አዲስ የሆነ 220 የሳያቲካ ታማሚዎችን በዕጣ መድበው፣ ከፊሎቹን ሳይዘገይ ለአራት ሳምንታት የፊዚዮቴራፒ ሕክምና ላኩ። ከአንድ ዓመት በኋላ ሕክምናው እንደ ተሳካላቸው የተናገሩት ከእነዚህ 45 በመቶ፣ ከሌሎቹ 28 በመቶ ያህል ነበሩ፤ ከሥራ በቀሩባቸው ቀኖች ግን በሁለቱ መካከል የጎላ ልዩነት አልተገኘም።