ዘይት የነካው ቆሻሻ መርዛማነት በምድር ትል እንዴት ይለካል?

ሰቆጣ፦ እንደ ጋዝጊብላ ባሉ የዋግ ኽምራ ደጋማ ወረዳዎች ለም አፈር ከጎርፍ የተረፈ፣ በእርከን ሥራ የሚጠበቅ ሀብት ነው። ከወፍጮ ቤት፣ ከጋራዥ ወይም ከውኃ መሳቢያ ሞተር የሚወጣ የተቃጠለ ዘይትና ናፍጣ በዚህ አፈር ላይ ሲፈስ ጉዳቱ ወዲያው በዓይን ላይታይ ይችላል። የፋብሪካ ዝቃጭ ሲሆን ደግሞ መጠኑ ይበዛል። ጉዳቱን ለመለካት በዓለም ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ የምድር ትልን መጠቀም ነው።

ለምን ትል?

የምድር ትል ሳንባ የላትም፤ የምትተነፍሰው በእርጥብ ቆዳዋ ነው። አፈርም ትመገባለች። ስለዚህ በአፈር ውስጥ ያለ መርዝ በቆዳዋም በአፏም ይገባል። የኬሚካል ምርመራ በቆሻሻው ውስጥ ምን ያህል ዘይት እንዳለ ይናገራል፤ ያ ዘይት በሕያው ፍጥረት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የምታሳየው ግን ትሏ ናት።

ምርመራው እንዴት ይከናወናል?

የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው መመሪያ መሠረት 70 ከመቶ አሸዋ፣ 20 ከመቶ ነጭ ሸክላና 10 ከመቶ የበሰበሰ የረግረግ ዕፅዋት ያለው አፈር ይዘጋጃል። የሚመረመረው ቆሻሻ በየደረጃው ከትንሽ እስከ ብዙ መጠን ይቀላቀልበታል። በእያንዳንዱ ዕቃ 10 ትሎች ገብተው በ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይቆያሉ። በ7ኛውና በ14ኛው ቀን በሕይወት ያሉት ይቆጠራሉ፤ ከትሎቹ ግማሹን የሚገድለው መጠንም ይሰላል። ለማነጻጸሪያ በተቀመጠው ንጹሕ አፈር ውስጥ ከ10 ከመቶ በላይ ትሎች ከሞቱ ውጤቱ ተቀባይነት የለውም።

ትሎቹ ሳይሞቱ መራባት ሊያቆሙ ስለሚችሉም 8 ሳምንት የሚወስድ የመራባት ምርመራ አለ። በሌላ ዘዴ ደግሞ አንድ ዕቃ ለሁለት ተከፍሎ በአንዱ ወገን ንጹሕ፣ በሌላው የተበከለ አፈር ይደረጋል፤ ትሎቹ ወደ የትኛው እንደሸሹ ከ48 ሰዓት በኋላ ይታያል።

አርሶ አደሩ ምን ይወቅ?

ለምርመራ የሚመረጠው ቀይ ትል በሀገራችን ለትል ማዳበሪያ ዝግጅትም የሚረባ ነው። ስለዚህ ዘይት ወይም ናፍጣ የነካውን ገለባ፣ ሣርና እበት ወደ ትል ማርቢያው ማስገባት አይገባም።

ይሁን እንጂ ትል ከማሳ መጥፋቱ ብቻውን የብክለት ማስረጃ አይሆንም፤ በበጋ ድርቀትም ትሎች ወደ ጥልቅ አፈር ይወርዳሉ። ትል በሕይወት መኖሩም ውኃው ወይም እህሉ ንጹሕ ለመሆኑ ዋስትና አይሰጥም፤ ለዚያ የቤተ ሙከራ ምርመራ ያስፈልጋል።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አካባቢን መበከልን ይከለክላል። የተቃጠለ ዘይትን በሚከደን ዕቃ ማጠራቀምና ከማሳ፣ ከቦይና ከምንጭ ማራቅ፣ የፈሰሰ ሲገኝም ለወረዳው ግብርና ወይም አካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ማሳወቅ ይገባል። የተመረዘ አፈርን ከማከም አስቀድሞ መጠበቅ ይቀላል።