ያልሆነውን መጻፍ፤ የምናብ ድርሰት በጣና ዳርቻ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ፣ ዐባይን ተሻግሮ፣ የጎንደርን መንገድ የያዘ መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ ዘንዘልማ ይደርሳል። አገሩ የገበሬ አገር ነው። በዚያው አፈር ላይ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የአካባቢ ሳይንስ ኮሌጅ ይገኛል፤ ገበሬው የዘንድሮውን አዝመራ ሲያስብ ተማሪው ደግሞ ገና ያልተዘራውን ዘር ያስባል። በስተምዕራብ ጣና ተዘርግቷል። በሐይቁ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ዘጌ፣ በደሴቶቹም ላይ ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ጣና ቂርቆስና ናርጋ ሥላሴ ብራናቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ከተማዋ ባሕር ዳርም ብትሆን በከፊል የሐሳብ ልጅ ናት፤ ሰፋፊ ጎዳናዎችዋ በመሬት ላይ ከመዘርጋታቸው አስቀድሞ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በጀርመናዊው የከተማ ፕላን ሊቅ በማክስ ጉተር ወረቀት ላይ ተሥለው ነበር።

የዚህን ዳርቻ የድርሰት ታሪክ ለሚመረምር ሰው አንድ ጥያቄ ይደቀንበታል። ያልታየ አገርን፣ ያልመጣ ዘመንን፣ ያልተሠራ መሣሪያን አስቦ የሚጽፍ ደራሲ በኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ እንግዳ ነውን? እንግዳ ነው የሚሉ አልታጡም። እንደ እነርሱ አባባል እንዲህ ያለው ድርሰት ፋብሪካ በበዛበት አገር የበቀለ፣ ዡል ቬርንና ኤች. ጂ. ዌልስ የኮተኮቱት የባሕር ማዶ ዛፍ ነው፤ በሐበሻ አፈር ቢተከል አይጸድቅም። ይህ አስተያየት ሥሩን ሳይቆፍሩ ስለ ዛፉ ከመፍረድ የመጣ ነው።

መጽሐፈ ሔኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ሔኖክ በመላእክት እየተመራ ፀሐይ የምትወጣባቸውን ስድስት የምሥራቅ በሮችና የምትገባባቸውን ስድስት የምዕራብ በሮች ያያል፤ የነፋስና የበረዶ መዛግብትን ይጎበኛል፤ የብረት፣ የመዳብ፣ የብርና የወርቅ ተራሮች ከፊቱ ይቆማሉ። ጉዞው በመደነቅ ብቻ የሚያልፍ አይደለም። ቀን ይቆጠራል፤ በር ይለያል፤ የጨረቃ ብርሃን ሲጨምርና ሲጎድል በክፍልፋይ ይሰላል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 በጣና አካባቢ አልፎ ግሽ ዐባይን አየ፤ እ.ኤ.አ. በ1773 የሔኖክን ቅጂዎች ይዞ አውሮፓ ገባ፤ ሪቻርድ ሎረንስም እ.ኤ.አ. በ1821 መጽሐፉን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አሳተመው። የአውሮፓ ሊቃውንት ለብዙ መቶ ዓመታት የጠፋባቸውን መጽሐፍ መልሰው ያገኙት ከኢትዮጵያ ብራና ነው። በግዕዙ ዜና እስክንድርም የመቄዶንያው ንጉሥ አንድ አምላክን የሚያመልክ ጻድቅ ሆኖ ይታያል፤ ወደ ጨለማ ምድር ይዘልቃል፤ የሕይወትን ውሃ ፍለጋ ይጓዛል። የባዕዱ ታሪክ በተርጓሚው እጅ የአገር ልብስ ለብሷል።

ሆኖም በዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። የእነዚህ መጻሕፍት ጸሐፊዎች «አየሁ»፣ «ተገለጠልኝ»፣ «ከአበው ሰማሁ» ይላሉ እንጂ «ፈጠርሁ» አይሉም። አማኙም የሚቀበላቸው በእውነትነታቸው ነው። ገድል ጸሐፊው ቅዱሱ ከአንበሳና ከነብር ጋር እንደኖረ ሲጽፍ ምስክርነት መስጠቱ ነው፤ ምስክር ደግሞ በቃሉ ይያዛል።

በገበሬው ምድጃ ዳር የሚሠራው ሕግ ሌላ ነው። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል አድማጩ «የላም በረት» ብሎ ይቀበላል። በመጨረሻውም ተራኪው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ ይሰናበታል። ተረቱ እንደ ውሰት ዕቃ ለባለቤቱ ይመለሳል ማለት ነው። ጅብ ቢምል፣ ጦጣ ዳኛ ሆና ብትፈርድ፣ ተጠያቂ የለም፤ ነገሩ ሁሉ በዳቦ ተጠርጓልና። እንግዲህ ለረጅም ዘመን የአገሩ ምናብ በእነዚህ ሁለት በሮች ብቻ ሲወጣና ሲገባ ኖረ፦ በአንዱ በር የተነገረው ሁሉ ሆኗል፤ በሌላው በር የተነገረው ሁሉ ተመላሽ ነው። ያልሆነን ነገር አልሆነም ብሎ፣ ነገር ግን መልሱልኝ ሳይል የሚጽፍ ሰው ገና አልመጣም ነበር።

ሦስተኛውን በር የከፈተው ሰው የዘጌ ልጅ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1860 ዓ.ም. በዘጌ ተወለዱ። የእቴጌ ጣይቱ ዘመድ ስለ ነበሩ ገና በወጣትነታቸው ለቤተ መንግሥት ቅርብ ሆኑ፤ ወደ ኢጣሊያ ተልከውም በቱሪን የሥዕል ትምህርት ተማሩ። ኋላ በስዊስ አገር ለትምህርት ሳሉ፣ የዐድዋ ጦርነት በተቃረበበት ጊዜ፣ ወደ ኢጣሊያ ወገን ኮበለሉ። ከዚያም በኔፕልስ አማርኛ አስተማሩ፤ የአማርኛ ሰዋስውም አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ1908 ደግሞ ሮም ላይ ዘጠና ገጽ ያህል ያላትን አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አወጡ። በኋለኞቹ ኅትመቶች «ጦቢያ» ተብላ የታወቀችው ይህች መጽሐፍ መጀመሪያ የወጣችበት ስም «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ነበር።

የታሪኩ አካሄድ የታወቀ ነው። ክርስቲያንና አረመኔ ይዋጋሉ፤ አንድ የጦር አለቃ ተማርኮ ይሸጣል፤ ለጋስ ነጋዴ ነጻ ያወጣዋል፤ ልጁ ዋሕድ የነጋዴውን ውለታ ልመልስ ብሎ ወጥቶ ራሱ በባርነት ይወድቃል፤ መንትያ እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትሄዳለች። በመጨረሻም አረመኔው ንጉሥ ተጠምቆ ጦቢያን ያገባል፤ ዋሕድም የንጉሡን ወገን ሴት ያገባል። ዛሬ ያለ አንባቢ በግጥምጥሞሹ ብዛት ፈገግ ሊል ይችላል፤ ቢልም አይፈረድበትም። ነገር ግን አገሩ ስም የለውም፤ ዘመኑም ዓመተ ምሕረት አልተጻፈበትም። ዜና መዋዕል በነገሠበት ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ንጉሥን ያለ ስም፣ ጦርነትን ያለ ዓመት መጻፍ ትልቅ ድፍረት ነው። ስም የተሰጣት ልጅቱ ናት፤ «ጦቢያ» ደግሞ ሕዝብ «ኢትዮጵያን» አሳጥሮ የሚጠራበት ቃል ነው። ሠዓሊው አፈወርቅ በካርታ ላይ የሌለ አገር ሥለው የራሳቸውን አገር ስም በአንዲት ልጃገረድ ላይ ጻፉ።

ከመጽሐፉ ይልቅ ግን ስሙ ሥራ ሠራ። በግዕዝም ሆነ በአማርኛ ልብ የስሜት ማደሪያ ብቻ አይደለም፤ የማስተዋል ዙፋን ነው። ልባም ሰው አስተዋይ ነው፤ «ልብ አድርግ» የሚባለው ሰው እንዲያስተውል ነው እንጂ እንዲያለቅስ አይደለም። ስለዚህ ልብ የወለደው ታሪክ ማለት አእምሮ አርግዞ የተገላገለው ታሪክ ማለት ነው። ከ«ልብ ወለድ» ጎን «ታሪክ» የሚለው ቃል መቆሙም ቀላል ነገር አይደለም። አልሆነም ይላል፤ ግን ታሪክ ነው ይላል። ተረት ቢባል ኖሮ በዳቦ ይታበስ ነበር፤ ገድል ቢባል ኖሮ ምስክር ይጠየቅበት ነበር። ልጅ ግን አንዴ ከተወለደ አይመለስም፤ ወላጁም በስሙ ይጠራበታል። ሁለቱ ቃላት ከዚያ በኋላ ተለያይተው የፊተኛው የጠቅላላው የድርሰት ዓይነት መጠሪያ ሆነ። ባሕር ማዶ የተማረ ሰው ባሕር ማዶ ተቀምጦ፣ የውጭ ቃል ሳይበደር፣ ከቋንቋው ማኅፀን ይህን ስም ማውጣቱ በራሱ ለእነዚያ «እንግዳ ዛፍ ነው» ባዮች በቂ መልስ ነው።

የአፈወርቅ ሕይወት ግን እንደ መጽሐፋቸው በሠርግ አልተፈጸመም። ወደ አገራቸው ተመልሰው ነጋድራስ ሆኑ፤ በሮምም የኢትዮጵያ መንግሥት ወኪል ሆነው አገለገሉ። ፋሺስት ኢጣሊያ አገሪቱን በወረረ ጊዜ ደግሞ ከወራሪው ጋር ቆሙ፤ «አፈ ቄሣር» የሚል ማዕረግም ተቀበሉ። ከነጻነት በኋላ ወደ ጅማ ተግዘው፣ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ሞቱ። አሸናፊና ተሸናፊ በጥምቀትና በጋብቻ የሚታረቁበትን ዓለም በወረቀት ላይ የፈጠረ ሰው፣ እውነተኛው አሸናፊ ነኝ ባይ መርዝ ጋዝ ይዞ ሲመጣ የት እንደ ቆመ ታሪክ መዝግቦታል። ይህን መሸፋፈን አይገባም፤ በዚህ ምክንያት መጽሐፉን መጣልም ሌላ ስሕተት ነው። በሩን የከፈተውን እጅ መመርመር ተገቢ ሆኖ፣ በተከፈተው በር አልገባም ማለት ግን ደጅ ላይ መቅረት ነው።

በዚያ በር ከገቡት መካከል ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ይጠቀሳሉ። በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው ያዩትን ጻፉ፤ በተከታዩ ዓመት «አዲስ ዓለም» የተሰኘውን ልብ ወለዳቸውን አወጡ። ዐወቀ የተባለው ወጣት በፈረንሳይ አገር ተምሮ ሲመለስ ከዘመዶቹ ጋር በተዝካርና በሠርግ ወግ ላይ ይጋጫል። ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ግን ደራሲው ሌላ ድፍረት ያሳያሉ፤ በዘመናቸው ያልተሰበሰበ የካህናት ጉባኤ ሰብስበው ያልተወሰነ የማሻሻያ ውሳኔ ያስወስናሉ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረ ሰው በሥልጣኑ ያላገኘውን ጉባኤ በብዕሩ ጠራ። ብልሃቱ የምናብ ድርሰት ብልሃት ነው፤ ነገን እንደ ተፈጸመ አድርጎ ዛሬን መጠየቅ። ኅሩይ በወረራው ጊዜ ተሰደው እ.ኤ.አ. በ1938 በእንግሊዝ አገር ዐረፉ።

የልጃቸው የሲራክ ሥራ ደግሞ ነገሩን በሌላ አቅጣጫ ያዞረዋል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በወጣትነቱ የፖርቱጋላዊውን ሚስዮናዊ የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ተርጕሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1759 ያንኑ አገር መነሻ አድርጎ «ራስላስ» የተባለውን ድርሰት ጻፈ። ታሪኩ በአማራ ምድር፣ በተራራ በተከበበና ሐይቅ ባለበት ሸለቆ ይጀምራል። አንድ መሣሪያ ሠሪ ለሰው ልጅ ክንፍ እሠራለሁ ብሎ ዓመት ደክሞ፣ ከኮረብታው ጫፍ ዘልሎ ወዲያው ሐይቁ ውስጥ ይወድቃል፤ በአየር ላይ ያልጠቀመው ክንፍ በውሃው ላይ አንሳፎ ያድነዋል። በእንግሊዝ አገር የበረራ ሕልም ያስፈለገው ደራሲ ሕልሙን ያሳረፈው በአማራ ሐይቅ ላይ ነው። ሲራክ ኅሩይ ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ መለሱት፤ ስለዚህ ክንፍ ሠሪው ከመቶ ሰማንያ ዓመታት በላይ ቆይቶ የአገሩን ቋንቋ ተናገረ። አንድ የአገር ምድር የሌላው ደራሲ የምናብ መስክ ሲሆን የአገሩ ደራሲ ምን ያደርጋል ለሚለው ጥያቄ ትርጕም አንዱ መልስ ነው። ግን አንዱ ብቻ ነው።

ሌላው መልስ ቆይቶ መጣ። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» የጣናን ገዳም ከረቀቀ ዘመናዊ መሣሪያ፣ በአሜሪካ የሚኖረውን ኢትዮጵያዊ ሊቅ ከአገሩ ምስጢር ጋር አገናኝቶ በብዙ አንባቢ እጅ ገባ። ሐያስያን በሴራው መወሳሰብ ላይ ብዙ ሊሉ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ለወጣቱ አንባቢ ያደረገው ነገር አይካድም፤ መነኵሴውና መሐንዲሱ በአንድ ገጽ ላይ ሲነጋገሩ ማንም እንግዳ ነው አላለም። ሔኖክ የፀሐይን በሮች በቆጠረበት ቋንቋ ካደገ ሥነ ጽሑፍ ይህ ለምን ያስደንቃል?

ያልተጻፈው ግን ከተጻፈው ይበልጣል። ለተውኔት ጸሐፊውም ለልብ ወለድ ደራሲውም ሐይቁ ራሱ ርእስ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣው እምቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በጣና ላይ ይታያል፤ ገበሬው በእጁ እየነቀለ ዳርቻው ላይ ከምሮታል። አረሙ ሐይቁን ያሸነፈበትን ዘመን፣ ታንኳ ቀዛፊው በእግሩ ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚሻገርበትን ቀን የሚያሳይ ተውኔት ቢጻፍ መድረኩን ለማዘጋጀት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አንድ ብራና ጠባቂ፣ አንድ የዘንዘልማ ተማሪና አንድ ክምር አረም ይበቃሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ርእስ ደግሞ ታንኳውን ከደንገል የሚያበጁት የነገደ ወይጦ ነገር ነው። እነዚህ የጣና ዳርቻ ሰዎች ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ፤ ቀድሞ ግን የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። ብሩስ ከሌሎቹ የአገሩ ቋንቋዎች ፈጽሞ የተለየ መሆኑን ጽፏል። ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮኽ እ.ኤ.አ. በ1907 ስለ እነርሱ ሲጽፍ አማርኛ ተናጋሪዎች ሆነው ነበር። በመካከሉ አንድ ቋንቋ ሳይጻፍ ሞቷል። የታሪክ ጸሐፊ ሰነድ ስለሌለው እዚህ ላይ ብዕሩን ያስቀምጣል፤ የቋንቋ ሊቅም ቃላት ስለሌሉት እንዲሁ። ሥራው የሚቀረው ልቡ ለሚወልድለት ደራሲ ነው።

መነሻ ትዕይንቱንም ብሩስ ራሱ ትቶለታል። ቋንቋውን ለማወቅ ጓጕቶ ንጉሡን አስለምኖ ሁለት የወይጦ ሰዎች አስመጣ። ጥያቄ ተጠየቁ። እንሰቅላችኋለን ተባሉ። ሁለቱ ሰዎች ግን አንድም መልስ አልሰጡም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብሩስ አልጻፈም፤ ሁለቱ ሰዎች ከንጉሡ ፊት ወጥተው፣ ወደ ሐይቁ ዳር ወርደው፣ የደንገል ታንኳቸው ላይ ሲወጡ እርስ በርሳቸው የተባባሉትን የሰማ የለም።