ከተራራው ሥር የፈነዱት አምፖሎች

የዘንድሮው አዘጋጅ ኮሚቴ «ሐኪሞች ስለ ሐኪም ቤት ብቻ አትጻፉብን» ስላለን፣ እኔ ስለ ጃፓን የፊዚክስ ሰዎች ልጻፍ። ሰበብ አላጣሁም፤ በጋማ ካሜራችን ውስጥ ያለችው ብርሃን ቆጣሪ አምፖል፣ ፎቶመልቲፕላየር የምንላት፣ የእነሱም ዓይን ናት።

ካሚዮካ በተባለ ማዕድን ማውጫ፣ ከተራራ ሥር 1,000 ሜትር ወርዶ፣ 50,000 ቶን የተጣራ ውኃ የያዘ ጋን አለ። ሱፐር-ካሚዮካንዴ ይባላል። ኒውትሪኖ ምድርን ሳይነካት አልፏት የሚሄድ ቅንጣት ነው፤ ከስንት አንዴ ከውኃው ጋር ሲጋጭ ግን ፈዘዝ ያለ ብርሃን ይታያል። ያቺን ብልጭታ ለመያዝ ግማሽ ሜትር የሚሰፉ ከ11,000 በላይ አምፖሎች ጋኑን ከበውታል። እ.ኤ.አ. በ1998 ኒውትሪኖ ክብደት እንዳለው ማስረጃ የተገኘው እዚያ ነው።

ኖቬምበር 12 ቀን 2001፣ ከጥገና በኋላ ውኃው እየተሞላ ሳለ አንዲት አምፖል ተሰበረች። ውስጧ አየር አልባ ነውና ውኃው ሲገባባት የተነሣው የግፊት ሞገድ ጎረቤቷን ሰበረ፤ ያቺም ሌላዋን። በሰከንዶች ውስጥ ከግማሽ በላዩ አለቀ! መሪው ዮጂ ቶትሱካ ወዲያው «እንደገና እንሠራዋለን» አሉ። መንሥኤው ተፈተሸ፤ በጥገናው ወቅት ከሥር ባሉት አምፖሎች ላይ ሲረማመዱ አንዷ ተጎድታ ሊሆን ይችላል ተባለ። የተረፉት መከላከያ ልባስ ተደርጎላቸው በ2002 ሥራ ተጀመረ።

ይህን ሳነብ አንድ የኢንተርንነት ሌሊት ትዝ አለኝ። ሕፃን ሞተብን። ጠዋት በስብሰባው የተጠየቀው «ተረኛዋ ማን ነበረች?» ብቻ ነው። የኦክስጅኑ ጌጅ ከሳምንት በፊት ጀምሮ እንደሚሳሳት አውቅ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ ያን ዕለትም ዝም አልኩ። ሲስተሯ ተወቀሰች።

ቶትሱካ በ2008 በካንሰር አረፉ። ታመው ሳሉም የዕጢያቸውን መጠን እንደ ቤተ ሙከራ ውጤት እየመዘገቡ ይከታተሉ ነበር፤ እንዲህ ያለ ታማሚ አጋጥሞኝ አያውቅም። አብሯቸው የሠራው ታካኪ ካጂታ በ2015 ኖቤል ሲቀበል እሳቸው አልነበሩም።

ባለፈው ዓመት የሲስተሯን ስልክ አፈላልጌ ደወልኩላት። ገና ሳልጨርስ፣ «ጌጁን ነው አይደል የምትዪኝ?» አለችኝ።