አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፦ ገመድ አልባ ማውስ፣ የብራና ንባብና የተመራማሪው ምርጫ

(ለተማሪዎችና ለመምህራን ከቀረበ የሕዝብ ንግግር የተገለበጠ)



የታሪክ ሰው ስለ ኮምፒውተር ማውስ ሊናገር መቆሙ ፈገግ እንደሚያሰኝ አውቃለሁ። ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦርነት ብናገር ርእሱ ራሱ ክብደት በሰጠኝ ነበር። ይሁንና የእኛ ሙያ ከምንጩ ብቻ ሳይሆን ምንጩን ከምናነብበት መሣሪያም ተለይቶ አይቆምም። ትንሽ ነው ብለን ያለ ሐሳብ የምንገዛው ዕቃ በእኛና በምንጩ መካከል ይገባል፤ ሲያሳስተንም ጥፋቱን የሚሸከመው ሌላ ነው።

በራሴ ከደረሰው ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኮተቤ በሚገኘው ቤቴ፣ ከእንጦጦ ሰንሰለት ምሥራቃዊ ግርጌ ተቀምጬ፣ የአንድ ወንጌል ብራና ዲጂታል ምስሎችን በላፕቶፕ አነብ ነበር። እንደምታውቁት የመሬት ስጦታና የሽያጭ ውሎች በወንጌል ብራናዎች ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ ይመዘገቡ ስለ ነበር፣ እነዚህ ጽሑፎች ለማኅበራዊ ታሪካችን ዋና ምንጭ ናቸው። የማነበው የስጦታ ቃል ከገጹ ግርጌ ደርሶ በሚቀጥለው ምስል ላይ ተቋረጠብኝ። የተቀባዩ ስም የለም። በማስታወሻዬ ላይ «ቅጠል ጎድሏል፤ ወይም ጸሐፊው ዘሎታል» ብዬ ጻፍሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ፋይል በሌላ ኮምፒውተር ስከፍት ቅጠሉ በቦታው ነበር። የዘለለው ጸሐፊው ሳይሆን የእኔ ማውስ ነበር።

አበው «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይላሉ። አይጧ በጠረጴዛዬ ላይ ነበረች፤ የተመታው ዳዋ ግን ከብዙ ዘመን በፊት ያረፈ፣ ራሱን መከላከል የማይችል ጸሐፊ ነው። ማስታወሻዬ ታትሞ ቢሆን ኖሮ ሌሎች ይጠቅሱት፣ ያልጎደለው ቅጠልም በጽሑፋችን ውስጥ ጎድሎ ይቀር ነበር።

ስሕተቱ ከየት መጣ? ለመልሱ የመሣሪያውን ታሪክ ማየት ይገባል። የመጀመሪያው ማውስ እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያ በዳግላስ ኤንግልባርት ሐሳብና በቢል ኢንግሊሽ እጅ የተሠራ የእንጨት ሣጥን ነበር፤ ከሥሩ እርስ በርስ የተሻገሩ ሁለት ትንንሽ ጎማዎች ነበሩት። ኤንግልባርት በታኅሣሥ ወር 1968 በሳን ፍራንሲስኮ ለሕዝብ ሲያሳየው ስሙ አስቀድሞ ወጥቶለት ነበር፤ ከሣጥኑ የወጣው ገመድ የአይጥ ጭራ ስለሚመስል ነው። እንግዲህ ገመድ አልባው ማውስ ስም ያወጣለትን ጭራ ያጣ አይጥ ነው።

ጭራው የተቆረጠው በአንድ ጊዜ አይደለም። ሎጂቴክ እ.ኤ.አ. በ1984 በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሠራ ማውስ አቀረበ፤ ነገር ግን በመካከል መጽሐፍ ቢቀመጥ ብርሃኑ ይጋረድና ሥራው ይቆማል። ያው ኩባንያ በ1991 ወደ ራዲዮ ሞገድ ተሸጋገረ። መጋረዱ ቀረ፤ በምትኩ ሌላ ችግር መጣ። የዛሬዎቹ ማውሶች አብዛኞቹ የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው። ዋይፋይም ብሉቱዝም በዚያው ሰፈር ይኖራሉ። ከዚህም በላይ ኢንቴል በ2012 ባወጣው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ የዩኤስቢ 3.0 መሣሪያዎችና ገመዶች በዚሁ ሞገድ ላይ ረብሻ ይፈጥራሉ። እኔ ደግሞ የማውሱን መቀበያ፣ ምስሎቹ ከተቀመጡበት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አጠገብ ሰክቼው ነበር። ምልክቱ ይቆራረጥ፣ ተጠራቅሞም በአንድ ጊዜ ይደርስ ነበር፤ ምስሉም ይዘልል ነበር።

በራዲዮ ዓለም ቦታ ራሱ መሣሪያ ነው። ይህን ለመረዳት ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ ወደ ተራራው ቀና ማለት ይበቃል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት መቆጣጠሪያ ጣቢያ የተተከለው በእንጦጦ ነው። ከሳተላይት ጋር የሚነጋገር አንቴና ሰማዩ የሚታይበትና ረብሻ የማይበዛበት ቦታ ይሻል። የጣት ጫፍ የምታህለው የማውስ መቀበያም በመጠኗ ያንኑ ትጠይቃለች።

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በሞገዱ ላይ ብጥል ሌላ ዳዋ መምታት ይሆንብኛል። ብራናን በእጁ የሚገልጥ ሰው ሁለት ቅጠል አብሮ ቢገልጥ ጣቱ ውፍረቱን ይነግረዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና ጽሑፎች የማይክሮፊልም ሥራ የተቀረጹትን ፊልሞች በእጀታ እያዞርን ስናነብ፣ የዘለልነው ገጽ እንኳ በዓይናችን ፊት ያልፍ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ማውስ ላይ የመጣችው ጎማ ያችን እጀታ ትመስላለች፤ ዳሩ ግን ዲጂታል ምስሎች የተነጣጠሉ ናቸው፤ አንዱ ቢዘለል ምስክር አይተውም። ስለዚህ ከማውሱ ምርጫ በፊት የሚመጣው ልማድ ነው፤ ገጽ በገጽ ስትሄዱ በኪቦርዱ ቀስት ሂዱ፣ የቅጠሉን ቁጥርም በየምስሉ መዝግቡ።

አሁን ወደ መገናኛ ሱቆች ወርዳችሁ ማውስ የምትገዙ ተማሪዎች ሆይ፣ ገንዘባችሁ ውስን መሆኑን ስለማውቅ በአጭሩ ልምከር። በመጀመሪያ ያዙት። ለቦርሳ ተብሎ የተሠራ በጣም ትንሽ ማውስ ለግማሽ ሰዓት ይመቻል፤ አምስት ሰዓት ለሚያነብ መዳፍ ግን አይበቃም። ግራኝ የሆናችሁ ሁለቱም ጎኑ እኩል የሆነውን ፈልጉ። ሁለተኛ፣ ጎማውን አዙሩት፤ እያንዳንዷ እርምጃ በጣት የምትለይ ትሁን። ሦስተኛ፣ ላፕቶፓችሁ ብሉቱዝ ካለው ብሉቱዝ ማውስ የዩኤስቢ ቀዳዳ አይወስድባችሁም፤ የሚጠፋ መቀበያም የለውም። መቀበያ ያለውን ከገዛችሁ ከሃርድ ዲስኩ በተቃራኒ ጎን፣ ወይም በአጭር ማራዘሚያ ገመድ አርቃችሁ ሰኩት። አራተኛ፣ ባትሪውን አስቡ። በድንጋይ የሚሠራው ከየትኛውም ሱቅ ይተካል፤ በቻርጅ የሚሠራው ደግሞ መብራት በጠፋ ጊዜ ከላፕቶፑ ይሻማል። በመጨረሻም፣ የተራ ማውስ የብርሃን ዳሳሽ በመስታወት ጠረጴዛ ላይ ይስታል፤ ከሥሩ አንድ ደብተር ማኖር ግን ዋጋ የለውም።

በማሸጊያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው የዲፒአይ ቁጥር አያሳስባችሁ፤ ለንባብ 1,000 ያህል ይበቃል።

እኔ ያንን ማስታወሻ አልሰረዝሁትም። ከሥሩ «ቅጠሉ አለ፤ የዘለልሁት እኔ ነኝ» ብዬ ጨመርሁበት። «ጸሐፊው ዘሎታል» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት እጃችሁ ያረፈበትን ዕቃ እንድትመረምሩ አደራ እላለሁ።