የመሬት መዝገብን ወጪ ማን ይሸፍን? የዊስኮንሲን 30 ዶላር

መሬትን አንድ ጊዜ ለክቶ መመዝገብ ከባድ ነው። ከዚያ የሚከብደው ግን መዝገቡን በየዓመቱ እውነተኛ አድርጎ ማቆየት ነው። ለመለካቱ ገንዘብ የሚሰጥ አይጠፋም፤ ለማደሱ ግን ማን ይከፍላል? የአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ግዛት ለዚህ ጥያቄ የሰጠችው መልስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዘልቋል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የፌዴራል መንግሥት ቀያሾች ከ1832 እስከ 1866 ባለው ጊዜ ዊስኮንሲንን ለክተው በካሬ በካሬ ከፋፈሏት። በየማዕዘኑ የተተከለው ምልክት ግን ብዙውን ጊዜ የእንጨት ችካል ነበር። እንጨት ይበሰብሳል፤ ለምስክርነት ምልክት የተደረገበት ዛፍም ይቆረጣል። መንገድ ሲሠራ የቀረው ይነቀላል። ከመቶ ዓመት በኋላ ብዙዎቹ ማዕዘኖች የት እንደነበሩ በእርግጠኝነት ማወቅ አስቸጋሪ ሆነ።

የወረቀቱም ነገር ከዚህ የተሻለ አልነበረም። የካውንቲው መዝጋቢ ውሉን ያስቀምጣል፣ የግብር ገማቹ የራሱን ካርታ ይይዛል፣ የመንገድ ክፍሉም ሌላ ያዘጋጃል። አንድ መሬት ብዙ ካርታ ይኖረዋል፤ ካርታዎቹ ግን እርስ በርስ አይስማሙም። ከዚህም በላይ በአሜሪካ አብዛኛው መዝገብ ሰነድ ተቀብሎ ያስቀምጣል እንጂ "ባለቤቱ እሱ ነው" ብሎ ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ ቤት በተሸጠ ቁጥር አሮጌ መዝገብ ይገለበጣል፣ ገዢውም በዚያ ላይ ለባለቤትነት መድን ይከፍላል።

በ1978 የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህ የተበታተነ አሠራር ዜጋውን ምን ያህል እንደሚያስወጣ አስልተው አሳተሙ። የጥናቱ ፍሬ ነገር አንድ ነበር፤ ሕዝቡ ለመጥፎ መዝገብ አስቀድሞም እየከፈለ ነው። በ1985 የመሬት መዝገብን የሚመረምር ኮሚቴ ተቋቋመ፣ በ1987 ሪፖርቱን አቀረበ። በ1989 የግዛቱ የመሬት መረጃ ፕሮግራም በሕግ ተመሠረተ።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ከጠቅላላው በጀት ቢባል፣ በረዶ መጥረግና ካርታ ማደስ ለአንድ ብር ሲሻሙ ካርታው ሁልጊዜ ተሸናፊ ነው። ካርታ ዘንድሮ ባይታደስ ማንም አይጮህም። ስለዚህ ሰነድ ሲመዘገብ በሚከፈለው ላይ ጭማሪ ተደረገ። ካውንቲው ድርሻውን የሚያስቀረው ግን የመሬት መረጃ ጽሕፈት ቤት ካቋቋመና የጸደቀ ዕቅድ ካለው ብቻ ነው። ገንዘቡና ሥራው በሕግ ታሰሩ።

ቀድሞ ለመጀመሪያው ገጽ 11 ዶላር፣ ለተከታዩ ገጽ ሁሉ 2 ዶላር ይከፈል ነበር። በ2010 በገጽ መቁጠሩ ቀርቶ አንድ ወጥ ክፍያ መጣ፤ ለአንድ ሰነድ 30 ዶላር። በኋላ በወጣው ድልድል ከዚህ ውስጥ 15ቱ ለመሬት መረጃ ይውላል። 8 ዶላር ካውንቲው ዘንድ ይቀራል፣ 7 ዶላር ወደ ግዛቱ ሄዶ በድጋፍ መልክ ለካውንቲዎች ይመለሳል። ይህ ባይሆን ቤት በብዛት የሚሸጥበት ካውንቲ ሲያድግ፣ ሽያጭ የማይበዛበት የገጠር ካውንቲ በአሮጌ ካርታው ይቀር ነበር። በ2015 ከካውንቲዎቹ የተሰበሰበው የመጀመሪያው ግዛት አቀፍ የይዞታ ካርታ ወጣ፤ ማንም ሰው በነጻ ያየዋል።

መንገዱ እንከን የለሽ አይደለም። ወለድ ሲቀንስ የቤት ብድሩን የሚያድሰው ስለሚበዛ ገቢው ይጎርፋል፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። የመዝገቡ ሥራ ግን ገበያ አይጠብቅም።

ለኢትዮጵያ ይህ ጥያቄ ሩቅ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በትግራይ ተጀምሮ ወደ አማራ፣ ኦሮሚያና ደቡብ የተስፋፋው የመጀመሪያ ደረጃ የገጠር ይዞታ ማረጋገጫ በገመድና በጎረቤት ምስክርነት፣ በአነስተኛ ወጪ ለሚሊዮኖች ደረሰ። ሕመሙ የታየው በኋላ ነው። ውርስ፣ ፍቺና ስጦታ መዝገቡ ላይ ሳይሰፍሩ ቀሩ። አባት ሞቶ፣ ልጆች መሬቱን ተከፋፍለው፣ ደብተሩ በአባት ስም ይቀመጣል። ሁለተኛው ደረጃ በአየርና በሳተላይት ምስል ታግዞ ሲመጣ የእንግሊዝና የፊንላንድ ድጋፍ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ለጋሽ ግን ለማደስ ዘላለም አይከፍልም።

"እንግዲያው የአገልግሎት ክፍያ ይጨመር" ማለት ቀላል ነው። ዊስኮንሲን ላይ ክፍያውን የሚያስከብረው ግን ባንኩ ነው፤ ማስያዣው ሳይመዘገብለት ማበደር አይፈልግም። በኢትዮጵያ መሬት አይሸጥም። የአባታቸውን ማሳ የሚካፈሉ ወንድማማቾች በሽማግሌ ተስማምተው ወደ ቤታቸው መግባት ይችላሉ። እስከ ወረዳ የሚወስደው መንገድ ላይ ከባድ ክፍያ ከተጨመረበት ይቀራሉ፣ መዝገቡም ተመልሶ ይሞታል።

ስለዚህ ከዊስኮንሲን የሚወሰደው ትምህርት ሠላሳ ዶላሩ ሳይሆን ማሰሪያው ነው። ክፍያው ገበሬውን ከመዝገብ የማያሸሽ ይሁን፤ የተሰበሰበው መዝገቡን ለሚያድሰው ጽሕፈት ቤት ይቅር፤ ጽሕፈት ቤቱም ምን እንደሠራበት በዕቅዱ ይጠየቅ፤ ገቢው ለማይበቃው ወረዳ ሌላው ይደጉም። ወደ ጠቅላላ ካዝና ገብቶ የሚቀር ክፍያ ሌላ ስም የተሰጠው ግብር ነው። በሟች ስም የቀረ ደብተር ደግሞ የሚያስከፍለው በኋላ፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ነው።